ሐዋርያት የሚያልፉበት ቆላ

አይከልን ካለፉ በኋላ መንገዱ መውረድ እንጂ ሌላ አያውቅም። ጠዋት ከጎንደር ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ነጋዴ ባሕር ላይ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖረዋል፤ ገንዳ ውኃ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነው የጭልጋ ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው መተማ ዮሐንስ ይወረዳል። ጤፉና ገብሱ ይቀርና ማሽላ፣ ጥጥና ሰሊጥ ይተካል። ጥቅምት መገባደጃ ላይ ስለነበር የአውቶቡሱ ግማሽ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በያዙ የጎጃምና የወሎ ወጣቶች ተሞልቷል። ይህ እንግዲህ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ በዚያ መስመር እንዲያ ዘና ብሎ የሚሳፈር የለም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ሰሊጥ አልነበረም። ከውጭ ስለመጡ የወንጌል መልእክተኞች የተጻፉ የቆዩ መጻሕፍትን ሳገላብጥ መተማ የምትባል ስም ደጋግማ ትመጣብኝ ነበር። ብቅ ትላለች፣ አንድ ሁለት ገጽ ትቆያለች፣ ከዚያ ባለታሪኩ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ይቀጥላል፤ እሷም ትረሳለች። ሲመጡ ያልፉባታል፣ ሲባረሩ ይወጡባታል። ለራሷ ብሎ የመጣባት ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከንክኖኝ ነው ቦታውን በዓይኔ ላይ የወረድኩት።

የቆላው በር ሰባኪን በሰባኪነቱ በቀላሉ አያስገባም ነበር። በ1699 (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም በሰናር በኩል ወደ ጎንደር ሲመጣ ዮሴፍ የሚባል አሽከር ይከተለው ነበር። አሽከር የተባለው ሰው ብሬቨዳን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነው። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረረ ወዲህ የዚያ ማኅበር ሰው በግልጽ መግባት ስለማይችል የሐኪም ጓዝ ተሸክሞ ገባ። ገባ ማለቴ እንኳ ይበዛበታል፤ ጎንደርን ሊረግጥ ጥቂት ሲቀረው ባርኮ በምትባል ቦታ ታሞ ሞተ። ፖንሴ ግን ደርሶ ንጉሡን አከመ። መድኃኒት የያዘው አለፈ፣ ስብከት የያዘው መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ 150 ዓመት ያህል አልፎ ነው ትልቁ ዕቅድ የሚመጣው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ባለች የክሪሾና ኮረብታ ላይ በ1840 የሚስዮን ማሠልጠኛ ያቋቋመው ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ስፒትለር «የሐዋርያት ጎዳና» የሚል ሐሳብ ነበረው። ከሜዲትራንያን ዳርቻ ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ እየተከተለ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘልቅ የ12 ጣቢያዎች ሰንሰለት፤ እያንዳንዱ ጣቢያ በሐዋርያ ስም ይጠራል። በየጣቢያው የሚቀመጡት ሰዎች አናጢ፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ ናቸው፤ በእጃቸው ሙያ ራሳቸውን እያስተዳደሩ ወንጌልን ያዳርሳሉ። ካርቱም ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች፣ መተማም ሌላዋ። ባዝል ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ ለሚያየው ሰው ልብ የሚያሞቅ ዕቅድ ነው። ካርታው ወባን አያሳይም።

ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ አዳኝና አሳሽ በሚያዝያ 1862 መተማ ሲደርስ ሁለት ጀርመናውያን ሰባኪዎችን በንዳድ ተይዘው አገኘ። አንደኛው አንጥረኛ ነበር። ቤከር ለሚስዮኖች እምብዛም ፍቅር ያልነበረው ሰው ስለሆነ፣ ታማሚው አንጥረኛ በሆነው ባልሆነው ጥቅስ እየጠቀሰ እንዳሰለቸው ሲጽፍ ፌዙን አይደብቅም። ያነሣው ነጥብ ግን በፌዝ የሚታለፍ አይደለም፤ አገሬው የራሱ ክርስትና አለው፣ ከማንም ባላነሰ ይመካበታል፣ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ተሸክመው ምን ሊያደርጉ ነው የሚወጡት የሚል።

እኔን የገረመኝ ቤከር ያላነሣው ነው። ሁለቱ ሰዎች በተኙባት በዚያች ከተማ አብዛኛው ነዋሪ ክርስቲያን አልነበረም። መተማ የተክሩሮች አገር ነበረች፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ወጥተው እዚያው የቀሩ ሙስሊሞች፣ ጥጥ እየዘሩ ገበያውን የሚያንቀሳቅሱ፣ ሹማቸው ለቴዎድሮስም ለግብፅም የሚገብር። ክርስቶስን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የሚፈልግ ሰባኪ ከአልጋው ሳይነሣ በመስኮት ሊያየው ይችል ነበር። የሰባኪዎቹ ዓይን ግን ከተራራው ጀርባ ነበር፤ ንጉሥና ዙፋን ካለበት፣ ግዕዝ ከሚነበብበት፣ ለባዝል የሚጻፈው ደብዳቤ ክብደት ከሚያገኝበት አገር። ይህን ስል በሰዎቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ደጋውም ራሱ ቆላውን የሚያየው እንዲያው ነው።

ደጋ የወጡት ምን ገጠማቸው? ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። ሚስዮናዊው ክራፕፍ ወጣቱን ማርቲን ፍላድን አስከትሎ በ1855 መጥቶ መንገዱን ጠረገ፤ በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ የክሪሾና ሰዎች ገቡ። ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለገው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መንኰራኩር ሠሩ፣ መንገድ ጠረጉ፣ በመጨረሻም በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠሩ። ስብከቱ ለቤተ እስራኤል ብቻ ተፈቀደላቸው፤ ያመነ ሰው ቢገኝም የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1863 ታሠረ፤ እሱንና የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ሊያስፈታ የተላከው ራሳም በኅዳር 1865 መተማ ደርሶ የንጉሡን ፈቃድ እየጠበቀ አንድ ወር ያህል በዚህ ሙቀት ውስጥ ተቀመጠ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞተ በኋላ ፈረንጆቹ ወጡ። የሐዋርያት ጎዳናም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

መተማ ዮሐንስ ከተማ ስገባ ቀኑ መሽቷል። የጋለ ቆርቆሮ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና፣ ሜዳ ላይ የተዘረጉ የጠፍር አልጋዎች። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት። አማርኛው በአረብኛ፣ አረብኛው በአማርኛ ተለውሷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና በቆርቆሮ የተሠራው የጴንጤዎች አዳራሽ በድምፅ ማጉያ ይፎካከራሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶችን ምሽግ ለመስበር ጦራቸውን ያሰለፉት ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ቆስለው ሞቱ፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች። በሃይማኖት ጉዳይ ጽኑ የነበሩት እኒህ ንጉሥ ናቸው ካፑቺኑን ማሳያን በ1879 ከሸዋ አስነሥተው በሱዳን ቆላ በኩል ከአገር ያስወጡት። አንዱ ሚስዮናዊ የገባበት በር ለሌላው መውጫ ይሆናል። ካርቱም ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ድልድዩ ሌላ ሰልፍ አየ፤ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ካርቱም ለሥራ የከረመው ኢትዮጵያዊ ሻንጣውን እየጎተተ ተሻገረ፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተተከለ። እኔ ይህን ያየሁት በዜና ነው።

በሁለተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ እጣን የሚያወርድ ሰው አገኘሁ። ከትግራይ የመጣ ነው፤ ሥራውን ከአባቱ ተምሮታል። ሚንጋፍ በምትባለው አጭር መፋቂያ ከዛፉ ቅርፊት ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል ይልጣል፤ ወዲያው ነጭ ወተት ያንቆረቁራል። ወተቱ በፀሐይ እስኪደርቅ ወደ ሌላው ዛፍ ይሄዳል፤ ቆይቶ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉንም ትንሽ ያሰፋዋል። እንዲህ እያለ ዝናብ እስኪመጣ ይከርማል። «አብዝተህ ከላጥከው ዛፉ ይሞታል» አለኝ፣ ጣቱን ቁስሉ ላይ አድርጎ። «ባለቤቱ ግን አብዛ ይለኛል።» ከዛፉ ሥር የተበተነውን ፍርፋሪ አንሥቼ አሸተትኩት፤ ሽታው የልጅነቴ ኪዳን ነው። በደጋው አድባራት ስንቱ ጥና ውስጥ የመተማ እጣን እንደሚጤስ አሰብኩ። ደጋው ከቆላው እጣኑን፣ ጥጡንና ሰሊጡን ይወስዳል። ካህን ላክ ሲባል ግን ወባውን ያስታውሳል። በዱሩ ውስጥ ዘግተው የሚኖሩት የማኅበረ ሥላሴ ገዳም አባቶች ቆላውን ቤታቸው አድርገውታል፤ ነገር ግን መናኝ የሚመንነው ከሰው ለመራቅ ነው፣ የእነሱ ተልእኮ ሌላ ነው።

የምፈልገውን ሰው ያገኘሁት ከኮኪት ወዲያ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ዲያቆን ነው፤ ቀን ቀን በጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ በሞተር ብስክሌት እየዞረ ለጉልበት ሠራተኞች ያስተምራል። ደጋ ነው የተወለደው፤ ለዓመት ተመድቦ መጥቶ ሳይመለስ ቀረ። እርሻው ላይ ስንደርስ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ተደግፎ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ከግራር ሥር ሸራ አንጥፈው እራታቸውን ይበላሉ። የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጥቶ የባትሪ መብራት ሰቀለ። ጸሎት አደረሰ፣ ወንጌል አነበበ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሰበከ። ከዚያ ስብከቱን ሳይጨርስ ወደ አጎበር ጉዳይ ገባ።

«ይቺ የተኛችሁባት ጥቁር መሬት ስንጥቋ ውስጥ ትንኝ አላት» አላቸው። «ድምፅ የላትም፤ ስትነክስ አትሰማም። ካላዛር ከያዛችሁ ሆዳችሁ ያብጣል፣ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ካልታከማችሁ ይገድላል። አጎበር ያለው ከግራሩ ሥር ወጥቶ ይተኛ። የሌለው ስሙን ይስጠኝ።»

ከዚያ ጥያቄ መጣ፤ እኔን ከስብከቱ የበለጠ የማረከኝም እሱ ነው። እሑድ ማጨድ ኃጢአት ነው ወይ አለው አንዱ። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል፤ ባለሀብቱም ለበዓል ቀን አይከፍልም። ደጋ ላይ በወር የሚከበረውን የበዓል ብዛት የሚያውቅ ወጣት እዚህ ሲወርድ ዘመን መቁጠሪያው ይጠፋበታል። ዲያቆኑ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጌታህን በኔ ስም ለምነው፤ እምቢ ካለህ ጠዋት ጸልየህ እጨድ፣ ከሰዓት ግን ዕረፍ» አለው። ቀኖና የሚያውቅ ሰው በዚህ ሊከራከረው ይችላል። እኔ አልተከራከርኩትም።

ከኋላ ማተቡን በጣቱ እየጠቀለለ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ፣ «ዲያቆን፣ እዚህ ብሞት ማን ይፈታኛል?» አለ።

አልሳቀም፣ አልፈራም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀው። ዲያቆኑ ከኪሱ ዳር ዳሩ የተበላ ደብተር አወጣ። የእያንዳንዱ የክርስትና ስም፣ የመጣበት ደብር፣ የቤተ ሰብ ስልክ ተጽፎበታል። አንድ ሰው ቢሞት ወደ ሰበካው ደውሎ ፍትሐት እንዲደረግለት ያስነግራል፤ ሬሳውን መላክ የሚችል ብዙ የለም። አንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል ተደርጓል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ግልጽ ነበር። ልጁ ስሙን አስመዘገበና ሄዶ ተኛ።

በዚያ ሌሊት ያሰብኩት ስለ ሚካኤል አረጋዊ ነው። ፍላድ ያሳደገው፣ ክሪሾና ሄዶ የተማረ፣ በ1870ዎቹ ተመልሶ ደምቢያ ጀንዳ ላይ በቤተ እስራኤል መካከል የሠራ ሰው ነው። ፈረንጆቹ ከወጡ በኋላ ፍላድ ከጀርመን በደብዳቤ ይመራ ነበር እንጂ ሥራው በኢትዮጵያውያን እጅ ነበር፤ አረጋዊ፣ ደብተራ ብሩና ሌሎችም። በ1888 የመሐዲስቶች ጦር በመተማ በኩል ወጥቶ ደምቢያንና ጎንደርን ሲያቃጥል አገሩ ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ ተከትሎ የመጣውን ክፉ ቀንም ከሕዝቡ ጋር ያዩት እነሱ ናቸው። አረጋዊ እስከ 1931 ኖረ። የቤተ እስራኤል ወገኖች ስለዚያ ሚስዮን መራራ ትዝታ አላቸው፤ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ለይቷል፣ ይህን መሸፈን አይገባም። ግን የሚስዮኑ ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የስተርንና የፍላድ ስም ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመር ያለበት በአረጋዊ ነው እላለሁ፤ ችግር ሲመጣ ይሄድበት የነበረ ሌላ አገር አልነበረውምና።

በማግሥቱ ዲያቆኑ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ አንድ የጉሙዝ መንደር ሊሄድ ነበርና አብሬው ሄድኩ። ጉሙዞች በመተማና በቋራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ ሲነገር ግን ልክ ትናንት እንደመጡ ነው። መተማ ገበያ ከቡናውና ከሰሙ ሌላ ሰው ይሸጥበት ነበር፤ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከእነሱ መንደር የተወሰዱ ናቸው። ከሱዳን በኩልም መጡባቸው፣ ከደጋው በኩልም መጡባቸው። ከደጋው የወረደው ፈንጋይ አማርኛ ተናጋሪ ነበር፣ ማተብም ነበረው። ዛሬ ማተብ አስሮ፣ አማርኛ እየተናገረ፣ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሊነግራቸው የሚመጣ ወጣት ይህን ሁሉ በአንገቱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አወቀውም አላወቀውም። ይህኛው ያውቀዋል። መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው የደም መመርመሪያውን እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ልጆቹም «ሐኪም፣ ሐኪም» እያሉ ነው የተቀበሉት።

አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው የጠፍር አልጋ አውጥተው አስቀመጡን። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ አረብኛ ይገባበታል። የማሽላ ቦርዴ ቀረበ፤ ዲያቆኑ ጾም ነው ብሎ አልተግደረደረም፣ ተቀብሎ ጠጣ። የልጆቹን ጣት እየወጋ ደም ሲወስድ ሽማግሌው ዝም ብለው ያዩታል። ሲጨርስ ስለ ሰማርያዊቷ ሴት አጠር አድርጎ ነገራቸው፤ ጠላት ከሚባል ወገን ውኃ ስለ መለመን ነው፣ ምርጫው ተገቢ መስሎኛል። ሰሙት።

«ነገሩ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ግን ልጠይቅህ፣ ሐኪም። ሰሊጥ ገዢው ኅዳር ላይ ይመጣል። ቆጣሪው ጥር ላይ ይመጣል። አንተም መንገድ ሲደርቅ ትመጣለህ። ሐምሌ ላይ ልጅ ሲያተኩሰው የመጣ ሰው አላየሁም።»

«ሐምሌ ላይ ወንዙ ይሞላል፣ አባቴ።»

«አዎ፣ ይሞላል። እኛ እዚሁ ነን።»

ስንመለስ ሞተሩ ላይ ብዙ አላወራንም። ጥቁሩ አፈር እየደረቀ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ በክረምት ግን ያው መንገድ ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ ጭቃ እንደሚሆን ነገረኝ። ኮኪት ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ደብተሩን አወጣና ከኋላ ገጹ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሰኔ ሳይገባ መድኃኒት የሚቀመጥበት አንድ ክፍል፤ የሽማግሌው ልጅ ጎጆውን አካፍላለሁ ብሏል። ከመንደሩ ማንበብ የሚችል አንድ ወጣት፤ መመርመሪያውን ለማስተማር ሁለት ሳምንት ይበቃል። አጎበር። ወንዙን የሚያሻግር ትራክተር፤ የባለሀብቱ ሾፌር ከዘይቱ ዋጋ ጋር እስማማለሁ ብሎታል። ለሐምሌና ለነሐሴ የዓመት ፈቃድ መጠየቅ ይችል እንደሆነም ከሥር ጽፎ የጥያቄ ምልክት አደረገበት፤ ቀና ብሎም ለጎንደር የሚነሣው መኪና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሚልከው የአጎበር መጠየቂያ ደብዳቤ ነበረው።